እንጀራ አልናፈቀውም፤ ኳሱ ነው አልደርስ ያለው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ስልኬ ላይ ገባ። መጀመሪያ አብሮኝ የሚያሰለጥነው ልጅ ላከው። ቀጥሎ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ። በሦስተኛው ቀን ድሮ ያሰለጠንኩት ተጫዋች እናት ራሳቸው ላኩት፤ ከሥሩ «ኮች፣ ይሄ የኔን ልጅ ነው አይደል?» ብለው ጽፈዋል። አዎ፣ እሱን ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ የወጣ አንድ የክንፍ ተጫዋች ግብፅ ሄዶ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተመለሰ። ጸሐፊው ስሙን አልጠሩም። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ እኔም አልጠራም። ግን ልጁን ምሳሌ አድርገው በሁሉም ላይ ይፈርዳሉ። ልጆቻችን ውጭ የማይበረክቱት ናፍቆት ስለማይችሉ ነው ይላሉ። አካላቸውም ትንሽ ነው። እዚህ ደህና ደመወዝ እያለ የሰው አገር ሁለተኛ ዲቪዚዮን መሄድ ኪሳራ ነው። ወንበር አሙቆ የተመለሰን «ፕሮፌሽናል» ማለት ቃሉን ማርከስ ነው። ወኪል የሚባለው ሁሉ ደላላ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጁ ላሳደገው ሰፈር አንድ ኳስ እንኳ አላመጣም ብለው ይዘጋሉ።

እኔ ያን ልጅ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ አሰልጥኜዋለሁ። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ፎቶኮፒ ቤት አለኝ፤ ከሰዓት ዘግቼ ሜዳ እወርዳለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ግን ጸሐፊው ያልሰሙትን አንዳንድ ነገር ሰምቻለሁ።

በናፍቆቱ ልጀምር።

ልጁ ግብፅ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ማታ በቪዲዮ ደወለልኝ። ክፍሉን አዙሮ አሳየኝ። አልጋ፣ ማራገቢያ፣ መስኮት ላይ የተሰጣ ካልሲ። እኔም ልክ እንደ ጸሐፊው አሰብኩና «እንጀራ ታገኛለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ካይሮ ሐበሻ ሞልቷል ኮች፣ እንጀራ አለ» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ «ኳሱ ግን አይደርስልኝም» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እዚህ ሳለ ከግራ መስመር ወደ ውስጥ ቆርጦ በቀኝ እግሩ ሲያሻማ ኳሱ ሁለተኛው ቋሚ ጋ ነው የሚያርፈው። ከልጅነቱ የለመደው ስለሆነ አያይም፤ ዝም ብሎ ይመታል። እዚያ በዚያው እግር፣ በዚያው ጉልበት ይመታና ኳሱ የመጀመሪያው ተከላካይ ራስ ላይ ይወድቃል። ወይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ተጠማዞ በረኛው እቅፍ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። አጥቂው እጁን ያነሳል። አሰልጣኙ ይጮኻል። ልጁ ታኬታውን ይቀይራል፤ ጥፋቱ የታኬታው መስሎታል።

ነገሩ ድግምት አይደለም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ናቸው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ኳስን አይዝም፤ የተመታው ኳስ ይሄዳል። ካይሮ ዝቅ ያለ ቦታ ናት። አየሩ ኳሱን ይይዘዋል፣ ያዘገየዋል፣ የበለጠም ያጠማዝዘዋል። ለተከላካይ ይሄ ያን ያህል አይደለም። ለአማካይም አጭር ኳስ ስለሚያቀብል ብዙ አይጎዳም። ጸሐፊው እንጀራን ካነሱ አይቀር ልንገራቸው፣ የክንፍ ተጫዋች እንጀራው ተሻጋሪ ኳስ ነው። ልጁ እንጀራውን ነበር ያጣው።

እግሩን እንደገና ለማስለመድ ሦስት ወር ፈጀበት። አዲስ ለመጣ የውጭ ተጫዋች ሦስት ወር ብዙ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ቦታህን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። ጥፋቱም የኔ ነው።

ዛሬ የትም ቢሆን የክንፍ ተጫዋች ግማሽ ሥራው ኳስ ሳይዝ ነው። የተቃራኒ ቡድን ተመላላሽ፣ ማለትም የመስመር ተከላካዩ፣ ወደፊት ሲሮጥ እሱን ተከትሎ እስከ ራሱ ሳጥን መውረድ አለበት። ካልወረደ የራሱ ተመላላሽ ለሁለት ሰው ብቻውን ይቀራል። ይሄን እኔ አላስተማርኩትም። ልጁ ፈጣን ነበር፤ ፈጣን ልጅ ያለው አሰልጣኝ ደግሞ ሰነፍ ይሆናል። «አንተ እላይ ቁም፣ ኳሱ ይመጣልሃል» ነበር የምለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ አልኩት። ከፕሪሚየር ሊጋችን አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው ከፍተኛ ሊግ ሲገባም ይሄንኑ አሉት። ፕሪሚየር ሊግ ሲደርስም ደጋፊው የሚያጨበጭብለት አብዶ ሲሠራ እንጂ ወደ ኋላ ሲሮጥ አልነበረም።

በ22 ዓመቱ ግብፅ ሲደርስ መጀመሪያ የለመደው የዓረብኛ ቃል «ኢርጋዕ» ነው። ተመለስ ማለት ነው። በልምምድ «ኢርጋዕ»፣ በጨዋታ «ኢርጋዕ»፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ደግሞ በቪዲዮ እያቆሙ «ኢርጋዕ»። እንግዲህ ይህን አስቡት። ጸሐፊው «ተመለሰ» ብለው የሚከሱት ልጅ እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተከሰሰው «አትመለስም» ተብሎ ነው።

ናፍቆት የለም አላልኩም። በዓል ሲደርስ ድምፁ ይቀየር ነበር። ለእናቱ ደውሎ ምን እንደሠሩ ወጥ በወጥ ያስቆጥራቸው ነበር። ግን ናፍቆት ተጫዋች የሚመልስ ቢሆን የብሔራዊ ቡድናችን ተጫዋች የነበረው ሽመልስ በቀለ ግብፅ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ባልቆየ ነበር። ኡመድ ኡክሪም ከጋምቤላ ተነስቶ በግብፅ ከአንድ በላይ ክለብ ባልተጫወተ። ሳላዲን ሰይድም ከግብፁ ዋዲ ደግላ ወደ አል አህሊ፣ ከዚያም አልጄሪያ ድረስ ባልዘለቀ። እነሱም እናት አላቸው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ አንዱን ጎል ያገባው ዳዋ ሆቴሳ፣ ሌላውን ያገባው ያው ሽመልስ ነው። በነገራችን ላይ ያ ጨዋታ «በሜዳችን» የተቆጠረ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችንን ስላገደ ነው ማላዊ የተሄደው። ናፍቆት ከተባለ ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ አገሩን ናፍቋል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ «ልጁ ቀድሞ መሄድ ነበረበት» ሊሉ ይችላሉ። አይቻልም። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ከአገር አገር ማዛወር ይከለክላል፤ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ለኛ ልጅ የሚሆን ግን አልነበረም። ሴኔጋሎች ይህን በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። ሳዲዮ ማኔ የወጣበት ጄኔራሲዮን ፉት የተባለው አካዳሚ ከፈረንሳዩ ሜትዝ ጋር ስምምነት አለው። ልጁ አገሩ ሆኖ አውሮፓ የሚጠብቀውን ሥራ ይለማመዳል፣ ዕድሜው ሲደርስ ይሄዳል። ማኔ ሜትዝ ሲገባ 19 ዓመቱ ነበር። የኛ ልጅ 22። በመካከል ያለው ሦስት ዓመት ናፍቆት ይባላል?

ወደ አካል ልለፍ። ጸሐፊው ልጆቻችን አጭርና ቀጭን ስለሆኑ ክንፍ ላይ አይችሉም ይላሉ። ሜሲ 1 ሜትር ከ70 ነው። መሐመድ ሳላህ 1 ሜትር ከ75። የኛው ልጅ ከሳላህ በሁለት ጣት ይበልጣል፤ የሱቄ በር ላይ ለክቼዋለሁ፣ ምልክቱ አሁንም አለ። ስለ ቁመት ይሄ ይበቃል።

ችግሩ ሌላ ነው። ሜዳችን ዋልካ ነው። በጋ ላይ ይሰነጠቅና እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፣ ክረምት ላይ ታኬታ ከእግር ይነቅላል። እዚህ ያደገ ልጅ እግሩን አንስቶ አጭር አጭር ይረግጣል፣ ካልሆነ ይሰበራላ። ለስላሳ ሣር ላይ ሲወጣ እርምጃው ይረዝማል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። የኋላ ጭኑ ጡንቻ ግን ለዚያ አልተዘጋጀም። የክንፍ ተጫዋች ቆሞ ቆሞ በድንገት ስለሚፈተለክ ያ ጡንቻ ነው መጀመሪያ የሚጎዳበት። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ተጎዳ። እኔ ጋ በነበረበት ስድስት ዓመት ክብደት አንስቶ አያውቅም። ከየት አምጥቶ? ሁለት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተን በብረት አገናኝተን ነበር፤ አንዱ ተሰበረ።

ጉዳት ደግሞ ትንሽ ትልቅ አይልም። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጋችን 29 ጎል አግብቶ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ማንም አካሉ ትንሽ ነው አላለም። እዚያ ወደ ኋላ የጎተተው ጉዳት ነው።

ስለ ደመወዝ ጸሐፊው የጻፉትን ሳነብ ትንሽ ተናደድኩ። እዚህ ደህና ይከፈላል ይላሉ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር ይሁን ተብሎ ነበር። ያኔ ዶላር 29 ብር ገደማ ስለነበር ገንዘቡ ከ1,700 ዶላር በላይ ነው። ከጣሪያው በላይ በጓሮ ይከፈላል ሲባልም ሰምተናል፤ እሱን ልተወው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ተደረገ። ዛሬ ዶላር ከ130 ብር በላይ ነው። ያው 50,000 ብር 400 ዶላር አይሞላም።

እሱም ከተከፈለ ነው። ልጁ ከመሄዱ በፊት ክለቡ የአራት ወር ደመወዝ ይዞበት ነበር። ክለቡን አልጠራም፤ ብቻውንም አይደለም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው የሚኖሩት። በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል። ተጫዋቹ ቤት ኪራይ አለበት፣ አከራይ ደግሞ በጀት ምን እንደሆነ አያውቅም። እናቱ ዕቁብ እየገቡ ነበር የሚሸፍኑለት። እንግዲህ ደህና ደመወዝ የተባለው ይሄ ነው።

ጸሐፊው ልክ ሊሆኑ የሚችሉበት አንድ ነገር ነበር፣ እሱን ግን አላነሱም። የግብፅ ፓውንድም ወድቋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 አንድ ዶላር ከ31 ፓውንድ አካባቢ ወደ 50 ተጠጋ። ውሉን በፓውንድ የፈረመ ልጅ አንድ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ደመወዙ ጎድሎ ጠበቀው። የኛ ልጅ የተረፈው ውሉ በዶላር ስለነበር ነው። ይሄን የነገረው ሌላ ሐበሻ ተጫዋች ነው፣ ወኪሉ አይደለም።

ወኪል ላይ ብዙ አልከራከርም። ግማሹን እስማማለሁ። ለልጁ መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ ለሙከራና ለቪዛ ቀድማችሁ ክፈሉ ብሎ ነበር። እናቱ የአንገት ሐብላቸውን ሊሸጡ ሲሉ ነው የደረስኩት። ግን «ሁሉም ደላላ ነው» ማለት ልጆቹን አይጠቅማቸውም። ፊፋ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወኪሎችን በፈተና ነው ፈቃድ የሚሰጣቸው። የወኪሉን ስም የፊፋ ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ማየት ይቻላል። ክፍያውም ከተፈረመው ውል ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ነው። ሳይፈረም ብር የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያውኑ ወኪል አይደለም፤ ሱቄ ግድግዳ ላይ ይሄንኑ በትልቁ አትሜ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ወንበር ስለማሞቅ። ልጁ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተሰለፈበት ይልቅ ተቀይሮ የገባበት ይበዛል። ይሄ እውነት ነው። ስለዚህ አልተሳካለትም፣ ፕሮፌሽናልም አይባልም ይላሉ ጸሐፊው።

ከቃሉ ልነሳ። እኛ አገር «ፕሮፌሽናል ወጣ» ሲባል ውጭ አገር ሄደ ማለት ሆኗል። የፊፋ ትርጉም ግን አገር አይጠይቅም። ከክለብ ጋር የጽሑፍ ውል ያለውና ለመጫወት ከሚያወጣው ወጪ በላይ የሚከፈለው ተጫዋች ፕሮፌሽናል ነው። ልጁ ቦሌን ሳያይ፣ ከፍተኛ ሊግ ሳለ ነው ፕሮፌሽናል የሆነው። ግብፅ ወንበር ላይ ሲቀመጥም ፕሮፌሽናል ነበር። እንዲያውም ይበልጥ።

ሁለት ዓመት አይቶ መፍረድስ ተገቢ ነው? ያንኑ ሳላህን እንውሰድ፣ እሱም ክንፍ ነው፣ እሱም ከመንደር ነው። ከናግሪግ ካይሮ ልምምድ ለመድረስ አውቶቡስ እየቀያየረ ሰዓታት ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 2012 ፖርት ሰይድ ስታዲየም ውስጥ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተው የግብፅ ሊግ ተቋረጠ። በቀጣዩ ወር የስዊዘርላንዱ ባዝል የግብፅን ከ23 ዓመት በታች ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ጠራ። ሳላህ ከእረፍት በኋላ ገብቶ ሁለት አገባ። ባዝል ወሰደው። እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ቼልሲ ገዛው። ቼልሲ ውስጥ በሊጉ 13 ጊዜ ተጫውቶ 2 ጎል አገባና በዓመቱ ወደ ፊዮረንቲና በውሰት ተላከ። ያኔ አንድ የናግሪግ ጸሐፊ ብዕሩን ቢያነሳ ምን ይጽፍ እንደነበር አስቡት። ወንበር አሙቆ ተመለሰ፣ ሞሎኪያ የሚባለው የእናቱ ወጥ ናፍቆት ይሆናል ይል ነበር። ከዚያ ሮማ፣ ከዚያ በ2017 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑል። የቀረውን እያንዳንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ያውቀዋል።

ልጃችን ሳላህ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዳትስቁብኝ። ሳላህ ቼልሲ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ክለብ ወስዶ አጫወተው ነው የምለው። የክንፍ ተጫዋች በራስ መተማመን የሚባል ነገር አለው፤ ሰው አልፎ ለመሄድ መሞከር አለበት፣ ሲሞክር ደግሞ ከሁለት አንዱን ይነጠቃል። በየሳምንቱ ካልተጫወተ መሞከር ይፈራል። መሞከር የፈራ ክንፍ ኳሱን ወደ ኋላ እየመለሰ ያቀብላል፣ ያኔ አሰልጣኙ ጭራሽ አያስገባውም። ልጁ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ በውሰት የሚወስደው ስላላገኘ ነው እዚህ መጥቶ የፈረመው። 24 ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ ይሰለፋል።

የመጨረሻው ክስ ሰፈሩን ረሳ የሚለው ነው። እናቱን ያስለቀሳቸው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የፊፋ ደንብ እንዲህ ይላል። አንድ ተጫዋች በገንዘብ ከአገር አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለያንዳንዱ የውድድር ዘመን ከዋጋው 0.25 በመቶ። ከ16 እስከ 23 ደግሞ ለያንዳንዱ 0.5 በመቶ። እኛ ልጁን ስድስት የውድድር ዘመን ይዘነዋል። አራቱ 1 በመቶ፣ ሁለቱ 1 በመቶ፣ በጠቅላላ 2 በመቶ። በስንት እንደተሸጠ ለኛ የነገረን የለም። ለምሳሌ በ100,000 ዶላር ቢሆን ድርሻችን 2,000 ዶላር ነው። ዛሬ በብር ከ260,000 በላይ። ኳስ ብቻ አይደለም፣ ሜዳውን አስተካክለን፣ ሣርም ባይሆን ቀይ አሸዋ እንደፋበት ነበር።

ያገኘነው ዜሮ ነው። ልጁ በልቶብን አይደለም። ይሄ ገንዘብ በልጁ እጅ አያልፍም፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ያለ የፊፋ የክፍያ ማዕከል ነው የሚያከፋፍለው። ማዕከሉ የሚያየው የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ ነው። ተጫዋቹ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ ስም ፌዴሬሽን ጋ ተመዘገበ? የኛ ቡድን ክለብ ሆኖ አልተመዘገበም። ፕሮጀክት ነው፣ የሰፈር ልጆች ነን። ስለዚህ በወረቀት ላይ ልጁ እስከ 18 ዓመቱ የትም አልነበረም።

አንድ ወረቀት ግን ነበር፣ እሱንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ግብፆቹ የልጁን ታሪክ ሲጠይቁ በራሴ ኮምፒውተር ደብዳቤ ጻፍኩ። «በ1993 ተወለደ፣ ከ2005 እስከ 2011 በቡድናችን ሰለጠነ» ብዬ ማኅተም መታሁበት። ዓ.ም. የሚለውን ዘለልኩት፤ ለኛ ሰው ምን ያደርጋል? እነሱ በፈረንጅ አቆጣጠር አነበቡት። ስሌቱ ደግሞ ይገጥማል፣ 12 ዓመት ላይ ገባ፣ 18 ላይ ወጣ። ችግሩ ፓስፖርቱ ሲመጣ ነው። እዚያ ልጁ በ2000 እ.ኤ.አ. ተወለደ ይላል። ሰባት ዓመት ልዩነት። ዕድሜ ያጭበረበረ መሰላቸው። ነገሩ እስኪጣራ ልጁ የቅድመ ውድድር ልምምዱ አመለጠው። ያን ጊዜ ነው ቦታውን ሌላ ክንፍ የያዘው። ጸሐፊው ስለ ናፍቆት ሲጽፉ ይሄ ወረቀት ፎቶኮፒ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ልጁ ያመጣውንም ልቁጠር። ሲመለስ ከጓደኞቹ የሰበሰበውን ስድስት ጥንድ ያገለገለ ታኬታ አምጥቷል። ሁለቱ ለማንም አይሆኑም፣ ቁጥር 46 ናቸው፤ በረኛችን ካልሲ ደራርቦ አንዱን ይዞታል። እረፍት ሲያገኝ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ይመጣል። አብዶ አያስተምርም። ልጆቹን መስመር ላይ ያቆምና ኳሱን ለተቃራኒ ቡድን ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ያስሮጣቸዋል። ባለፈው አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጓደኛው እላይ ተገትሮ ሲያየው «ኢርጋዕ!» ብሎ ሲጮህበት ሰማሁ። ቃሉ አማርኛ መስሎታል።

ጸሐፊው ስለ እኔ የጻፉት አንድ መልካም ነገር አለ፣ እሱንም ማረም አለብኝ። በቀኝ እግሩ የሚመታን ልጅ ገና በ12 ዓመቱ ግራ ክንፍ ላይ ማሰለፍ ዘመናዊ የአሰልጣኝነት ዕይታ ነው ብለው አሞግሰውኛል። ያን ጊዜ ኮንዶሚኒየሙ ገና እየተሠራ ነበር፣ በስተቀኝ ያለው መስመር ላይ ብሎኬት ተከምሮበታል። በዚያ በኩል የሚሮጥ ልጅ ጉልበቱን ይላጣል። በግራ በኩል ነፃ ነበር።